ከዱባይ ያሪስ ለማስመጣት ለጠየቅከው

ዱባይ ያለው ወንድምህ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ያሪስ (የቶዮታ ትንሽ የነዳጅ መኪና) ገዝቶ ሊልክልህ፣ አንተም ቀረጡን ከፍለህ ኮምቦልቻ ላይ ልትረከብ ነው ያሰባችሁት። ገንዘቡን ሳይከፍል ዛሬውኑ ደውልለት። ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም። «ሞተሯ ትንሽ ናት» የሚለው ነገር ድሮ ኤክሳይዝ ታክስ ላይ ይጠቅም ነበር፤ አዲስ ከሆነች እስከ 1300 ሲሲ 5፣ እስከ 1800 ሲሲ 60፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ነበር። አሁን በሩ ራሱ ተዘግቷል።

አብሽር፣ ኤሌክትሪክ ይገባል። ተገጣጥሞ ያለቀለት መኪና የጉምሩክ ቀረጥ 15 በመቶ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው 15ቱን ከመኪናው ዋጋ ላይ ብቻ ሲያሰላ ነው። ጭነቱና ኢንሹራንሱም ይደመራል። መኪናው 18,000፣ ጭነትና ኢንሹራንሱ 2,000 ዶላር ቢሆን ቀረጡ ከ20,000 ላይ 3,000 ዶላር ነው። ብሩ ስለሚዋዥቅም በጀትህን በዛሬው ምንዛሬ አትዝጋ። «ደረሰኙን አሳንሰን እናምጣ» የሚልህን ደላላ አትስማው፤ ጉምሩክ ዋጋው ካላሳመነው በራሱ መረጃ ይተምነዋል፣ ያኔ ክርክሩም የመጋዘን ኪራዩም ያንተ ነው።

ለማስመጣት የሚያስፈልገው የባንክ ፈቃድ መኪናው መርከብ ላይ ሳይጫን ይለቅ። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ላይ የመጨረሻ መድረሻው ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ተብሎ ይጻፍ፤ ሞጆ ከተባለ ሞጆ ነው የሚራገፈው። ኮምቦልቻ መኪና ይቀበል እንደሆነ ደግሞ ጭነቱን ከመያዛችሁ በፊት የመርከብ ወኪሉን ጠይቁት።

ከሁሉ በላይ ሻንሲ ቁጥሩ (መኪናው ላይ የታተመው መለያ ቁጥር)። ወንድምህ መኪናው ላይ ያለውን ፎቶ አንስቶ ከደረሰኙና ከቢሉ ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክር። 17 ፊደልና ቁጥር ነው፣ ውስጡም የላቲኖቹ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» በፍጹም አይገቡም። ወረቀቱ ላይ «ኦ» ካየህ ጸሐፊው ዜሮን ተሳስቶ ነው። ለዚች አንዲት ፊደል ትራንዚተሩ (የጉምሩክ አስፈጻሚው) ዲክላራሲዮን፣ ማለትም የጉምሩክ መግለጫ ሰነድ፣ መሙላት አይችልም፤ ማስተካከያ ከላኪው እስኪመጣ መኪናው ቆሞ ኪራይ ይቆጥራል። ዲክላራሲዮኑን ደግሞ ዋናውን ያዝ፣ ሊብሬና ሰሌዳ ለማውጣት ትጠየቃለህ።

ስትረከብ መኪናው አልነሳም ቢል አትደንግጥ። ብዙ ጊዜ ትልቁ ባትሪ ሳይሆን ትንሹ ባለ 12 ቮልት ነው የሞተው።

ሳትገዙ የቻርጀር ሶኬቱንም እዩ። ዱባይ ለቻይና ገበያ የተሠሩም ይሸጣሉ፤ እነሱ ጂቢቲ የሚባለው የቻይና ሶኬት ነው ያላቸው፣ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 መሰኪያ አይገባቸውም። ቤት ውስጥ በተራ ሶኬት በ10 አምፒር 2.2 ኪሎዋት ብቻ ነው የሚገባው፤ ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ባዶ ከሆነ ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ኮምቦልቻ ተረክበህ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ደግሞ ሁለት ቶን ለሚጠጋ መኪና ዳገቱ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል፤ ደሴ ለመግባት ባትሪው ላይ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ከሌለህ ከወደቡ አትነሳ።