የአንባቢያን ጥያቄ፦ አዲሱ የጊታር መቃኛ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ አለኝ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ራሳችን የምንገጣጥመው የኤሌክትሪክ ጊታር ይዛልኝ መጣች። ስትራቶካስተር መሰል ነው፣ ስድስቱም መቃኛዎች በአንድ ወገን የሚደረደሩበት። እንጨቱን ቬርኒሽ ቀብቼ፣ አንገቱንም አስሬ ጨርሻለሁ። አብረውት የመጡት መቃኛዎች ግን ቀልድ ናቸው፣ ቃኝቼ ሳልጨርስ ይላላሉ። ስለዚህ ክሩን የሚቆልፉ የተሻሉ መቃኛዎች አስመጣሁ። እነሱ ደግሞ ጫፋቸው ይገባና ይቀረቀራል። ጎረቤቴ ትራፓኖ አለው፣ «በ10 ቁጥር ፑንታ አንዴ ሰርስረነው እንገላገል» ይለኛል። ልስማው? (ከአዳማ)

መልስ

አትስማው። ትራፓኖው ይቆየንና መጀመሪያ ካሊበር ተዋስ፣ ቀዳዳውን ከፊትም ከኋላም ለካው። በዓይን የሚገመት አይደለም፣ የምንከራከረው ስለ አንድ ሚሊ ሜትር ነውና። ገበያ ላይ ያሉት መቃኛዎች ባብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። የድሮዎቹ፣ ክሉሰን የሚባለው ዓይነት፣ 8.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ከፊት በኩል በዳዶ የሚታሰሩት፣ እንደ ግሮቨርና ሻለር ያሉት፣ 10 ሚሊ ሜትር ይፈልጋሉ። ያንተዎቹ ባለ 10 ሳይሆኑ አይቀሩም።

ካሊበሩ 9.7 አካባቢ ካሳየህ ደስ ይበልህ። ቀዳዳው ትክክል ነበር፣ ያጠበበው ወደ ውስጥ ፈስሶ የደረቀው ቬርኒሽ ነው። ቀለም ያልተቀባ ጊታር ገዝቶ የሚገጣጥም ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይደነግጣል። ብርጭቆ ወረቀት እርሳስ ላይ ጠቅልለህ ውስጡን እያሽከረከርክ ፈግፍገው፣ በየመሃሉም መቃኛውን አስገብተህ ሞክር። በጣት ግፊት መግባት አለበት። መዶሻ የሚባል ነገር አጠገብህ አይድረስ፣ ቬርኒሽ እንደ እንቁላል ቅርፊት ነው የሚሰነጠቀው።

8.5 አካባቢ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እኔን ከጠየቅከኝ መቃኛዎቹን መልሰህ በቀዳዳው ልክ የተሠሩትን ቀይር፣ የሚቆልፉም በዚያ ልክ አሉ። መመለስ አይቻልም ካሉህ ማስፋት ነው። ቀድሞ የተበሳ ቀዳዳ ላይ ትራፓኖ በእጅ ይዘህ ስትገባ ግን የፑንታው ጫፍ የሚይዘው መሃል የለውም፣ ስለዚህ ይዋልላል፣ ጠርዙን ይነክሳል፣ ቬርኒሹን ከነእንጨቱ ገንጥሎ ይወጣል፣ መቃኛዎቹም ከመስመር ወጥተው አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ያያሉ። የሚሻለው ሪመር የሚባለው ሾጣጣ የእጅ ማስፊያ ነው። ማስኪንግ ቴፕ ለጥፍና ቀስ እያልክ አዙረው፣ ግማሹን ከፊት፣ ግማሹን ከኋላ። ሾጣጣ ስለሆነ ከአንድ ወገን ብቻ ከሄድክ አንደኛው አፍ ሰፍቶ ሌላኛው ጠቦ ይቀራል። (ተቃራኒው የገጠመው፣ ማለትም ሰፊ ቀዳዳ ላይ ቀጭን መቃኛ የገዛ ሰው፣ ምንም መብሳት አያስፈልገውም። ልዩነቱን የሚሞላ የብረት ቀለበት ይሸጣል።)

ከገቡ በኋላ ሮንዴላውንና ዳዶውን ከፊት በጣትህ ብቻ አጥብቅ። ማስመሪያ ከኋላ አስደግፈህ ስድስቱንም በአንድ መስመር አስተካክል። ከዚያ መቃኛዎቹን ከኋላ የሚይዙትን የትናንሾቹን ቪቴዎች ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርግ። አሁን ትራፓኖ ትችላለህ፣ በ1.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ፣ ቪቴው 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ማለት ነው። የጊታሩ ራስ ውፍረት 14 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ፑንታው ላይ ቴፕ ጠቅልለህ ጥልቀቱን ካልወሰንከው ከፊት ብቅ ይልልሃል። ቪቴውን ሻማ ላይ አሽተህ አስገባው፣ ደረቅ እንጨት ውስጥ በጉልበት ከገፋኸው አንገቱ ይበጠሳል፣ የተበጠሰውን ማውጣት ደግሞ ከጠቅላላው ሥራ ይብሳል። የድሮዎቹ ቪቴዎች ቀዳዳ አጠገብ ከሆነና አዲሱ ወደዚያ እየተንሸራተተ ካስቸገረህ፣ አሮጌውን በስቴኪኒና በእንጨት ኮላ ድፈነው፣ ይደርና እንደገና ብሳ። መጨረሻ ላይ ዳዶውን በመፍቻ አጥብቅ። ጥብቅ እንዲል ብቻ፣ እስኪጮህ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርህ ብቀር ቅር ይለኛል። ጊታር ከቅኝት ሲወጣ ሁሉም ሰው መቃኛውን ይከሳል፣ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ሌላ ነው። ክሮቹ አንገቱ ጫፍ ላይ የሚያርፉባት ቦይ ቦይ ያላት ቁራጭ አለች አይደል፣ ነት የሚሏት? ርካሽ ጊታሮች ላይ ቦዮቿ ጠባብ ስለሆኑ ክሩን ነክሰው ይይዙታል። ስትቃኝ «ጢቅ» የሚል ድምፅ ከሰማህና ክሩ ካለበት ድንገት ከዘለለ እሷ ናት። የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ቦዮቹ ውስጥ አሸት። ካልረዳ በጥሩ ሞረድ ማስፋት ነው፣ ይህን ግን ጥልቀቷን ሳይነካ ለሚሠራ ሰው ስጠው። አዲስ ክርም እስኪሳብ ድረስ ይላላል፣ በእጅህ ሳብ ሳብ አድርገህ ደግመህ ቃኝ። ቃናው ካለፈብህ ደግሞ ወደ ኋላ መልሰህ እዚያው አታቁመው፣ በደንብ አላላውና ከታች ወደ ላይ እየወጣህ ቃኘው፣ አለዚያ በመቃኛው ጥርሶች መሃል ያለው ክፍተት ክሩን መልሶ ያላላዋል።

የምትቆልፈው መቃኛ ላይ ክሩን አትጠምጥም። አስገባ፣ ወጥር፣ ቆልፍ፣ ቀሪውን ቁረጥ። ባልተቆለፈው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል። የወጡትን አሮጌዎች አትጣላቸው፣ አንዳንድ ዘመናዊ ክራሮች ላይ የሚገጠመው የጊታር መቃኛ ነውና ክራር ለሚሠራ ሰው ይጠቅሙት ይሆናል።

ጥያቄ

የመቃኛ ማሸጊያ ላይ 18 ለ 1 የሚል አለ። 14 ለ 1 ካለው ይበልጣል ማለት ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ

በጣት የሚዞረውን ጆሮውን 18 ጊዜ ስታዞረው ክሩ የሚታሰርበት ምሰሶው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። 14 ለ 1 ከሆነ 14 ዙር ይበቃዋል። ባለ 18ቱ ስስ ቅኝት ያመቻል፣ ክር ስትቀይር ግን ብዙ ታዞራለህ። ቅኝት የመያዝ አቅሙ ከዚህ ቁጥር ጋር ግንኙነት የለውም፣ ጥርሶቹ በጥንቃቄ መሠራታቸው ነው ለውጥ የሚያመጣው።