እጮኛዬ ሆረር ፊልም ይወዳል፤ እኔ እንቅልፍ አጣለሁ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣

የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። እጮኛ አለኝ። ጥሩ ሰው ነው፤ ሥራውን ያከብራል፣ እናቴንም እንደ እናቱ ነው የሚያያት። አንድ ነገር ብቻ ሊያግባባን አልቻለም፤ ሆረር ፊልም።

ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት ይመጣል። እራት ከተበላ በኋላ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኝና የሚያስፈራ ፊልም ይከፍታል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። በቀደም «ቴሪፋየር 3» የሚባለውን ከፈተ። የገና አባት ልብስ የለበሰ ክላውን (የሰርከስ ቀልደኛ) ሰው ሲቆራርጥ የሚያሳይ ነው። «እባክህ አቁመው» አልኩት። እየሳቀ «ቆይ አሁን ያልፋል» አለኝ። ይባስ ብሎ ፊቴን ሸፍኜ ስጮህ በስልኩ ቀርጾ ለጓደኞቹ አሳየ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሳላበራ መተኛት አቅቶኛል። ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ወንድሜን እቀሰቅሳለሁ።

እናቴም ተቆጥታለች። «በቤቴ ሰይጣን አትጋብዙብኝ» ብላ ሳሎኑን ጠበል ረጨችው። እሱ ግን «አንቺ ፊልም ስለማይገባሽ ነው፤ የአሁኖቹ ሆረሮች እኮ ትልቅ ጥበብ ናቸው» ይላል። «ሲነርስ» እና «ዌፐንስ» የሚባሉትን ካላየሽ ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ከወሬው እንዳልቀር ብዬ የሁለቱንም ታሪክ ስልኬ ላይ በአማርኛ ሲተረክ ሰማሁ። እውነቱን ለመናገር ምናቸው እንደሚወደድ አልገባኝም። ሰው ይሞታል፣ ደም ይፈሳል፣ አለቀ።

እነዚህ ፊልሞች እውነት ጊዜ ሊሰጣቸው የሚገባ ናቸው? ለፍቅር ስል ልቻለው? የ13 ዓመቱ ወንድሜም አብሬያችሁ ካላየሁ እያለ ስላስቸገረኝ ስለ እሱም ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መብራት አብርታ የምትተኛው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ፊልሞቹን ወደ ኋላ እመጣባቸዋለሁ። መጀመሪያ ስለ እጮኛሽ። «አቁመው» ስትዪው ማቆም ነበረበት። ሆረር መውደዱ ምንም ነውር የለውም፤ ብዙ ደግና ጨዋ ሰው ይወደዋል። ስትጮሂ ቀርጾ ለጓደኞቹ ማሳየቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፍርሃት ደስ የሚለው መውጫው በራስ እጅ ሲሆን ነው። ልብሽ ይመታል፣ መዳፍሽ ያልባል፣ ግን ስትፈልጊ እንደምታጠፊው ታውቂያለሽ። ያንን ሲከለክልሽ ጨዋታነቱ ቀርቷል። ይህን በቀን፣ ፊልም ሳይከፈት፣ ረጋ ብለሽ ንገሪው። ቪዲዮውንም ያጥፋው። ጥሩ ሰው ነው ብለሻል፤ እንግዲያው ይገባዋል።

«ቴሪፋየር 3»ን በተመለከተ አንቺ ምንም አልጎደለሽም። ፈረንሳይ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ያሉ እንዳያዩት የተከለከለ ፊልም ነው። ክላውኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ ዝም ብሎ ይገድላል። የሜካፑንና የሰው ሠራሽ አካሉን ሥራ የሚያደንቁ ተመልካቾች አሉት፤ ሥራውም በእርግጥ የተዋጣለት ነው። ግን የሚሞቱት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ሳናውቅ ነው የሚሞቱት። እኔ ሆረር የምመዝነው በዚህ ነው። ከማስፈራቱ በፊት ለአንድ ሰው እንድሳሳ አድርጎኛል ወይ? ካላደረገ የደሙ ብዛት ምንም አያደርግልኝም። ለማንም አልመክረውም፣ ላንቺ ደግሞ በጭራሽ።

«ሲነርስ» ግን ሌላ ነው። እጮኛሽ ስለዚህኛው እውነቱን ነው። ራያን ኩግለር እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው የደም መጣጮች ፊልም ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. 1932 ላይ፣ የዘር መድልዎ በነገሠበት በአሜሪካው ሚሲሲፒ ውስጥ ይካሄዳል። ሁለቱንም መንታ ወንድማማቾች ማይክል ቢ. ጆርዳን ይጫወታቸዋል። ቺካጎ ከርመው ይመለሱና አሮጌ የእንጨት መሰንጠቂያ ገዝተው የጭፈራ ቤት ሊከፍቱ ይነሳሉ። ፊልሙ እስኪጋመስ ድረስ ደም መጣጮቹ ብዙም አይታዩም። እስከዚያ ዘፋኝ ይፈለጋል፣ ዓሣ ይጠበሳል፣ የድሮ ፍቅር ይቀሰቀሳል። አንደኛው መንታ በሕፃንነቱ የሞተበትን ልጁን መቃብር ሄዶ ያያል። አደጋው ሲመጣ ታዲያ እነዚህን ሰዎች ወደሻቸዋል። የምትፈሪውም ለእነሱ ነው።

አባቱ ሰባኪ የሆነ ሳሚ የሚባል ወጣት አለ። አባትየው ጊታሩን ጥሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲመለስ ይለምነዋል። ይህ ሙግት ለእኛ አገር ሰው ማብራሪያ አያሻውም፤ «ዘፈን ኃጢአት ነው» ተብሎ ያላደገ ማን አለ? ይህ ልጅ ሌሊቱን ጊታሩን አንስቶ መዝፈን ሲጀምር ያልተወለዱትና የሞቱት ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ይገባሉ። የአፍሪካ ከበሮ መቺዎች፣ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወት፣ የዘመናችን ዲጄ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይጨፍራሉ። ካሜራው በመሃላቸው ያልፋል፣ ጣሪያው በእሳት ይያያዛል። ይህን ስልክ ላይ የሚተርክልሽ ሰው «ልጁ ዘፈነ» ብሎ ነው የሚያልፈው።

በጣም የሚያስፈራው ቦታ ደግሞ ደም የለበትም። የጭፈራ ቤቱ በር ጠባቂ ለጥቂት ጊዜ ወጣ ብሎ ይመለሳል። በሩ ክፍት ነው። እሱ ግን አይገባም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ እንዲያስገቡት ይጠይቃል። ፈገግ ብሎ፣ ሰበብ እየደረደረ ይለማመጣል። በገዛ በሩ ለመግባት ለምን ፈቃድ ይጠይቃል? ደም መጣጭ ካልተጋበዘ አይገባም። ውስጥ ያሉት ይህን ቀስ በቀስ ሲረዱ ፊታቸውን እዪ። ሁለት ሰዓት ከ17 ደቂቃ ይፈጃል፤ ይገባዋልም።

ለዚህ ነው በትረካ ሰምተሽ አትፍረጂ የምልሽ። የሆረር ታሪክ በአጭሩ ሲነገር ሁልጊዜ ተራ ነው፤ ሰው ይሞታል፣ ደም ይፈሳል። ፍርሃቱን የሚሠራው ድምፁና ዝምታው፣ በሩ እስኪከፈት የምንጠብቀው ጊዜ ነው። ትረካው ደግሞ የሚቆርጠው ይህንኑ ነው።

«ዌፐንስ»ም ጎበዝ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ዛክ ክሬገር ይባላል፤ እሱም የ2025 ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ ከአንድ ክፍል 17 ተማሪዎች ከአልጋቸው ተነስተው፣ እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው፣ እየሮጡ ጨለማ ውስጥ ይጠፋሉ። አንድ ልጅ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ታሪኩ በመምህርቷ፣ በአንድ አባት፣ በፖሊሱና በሌሎችም ዓይን እየዞረ ይነገራል። ወላጆቹ መምህርቷ ላይ የሚነሱበት ሁኔታ ፊልሙ ውስጥ ካለው አስማት በላይ አሳስቦኛል፤ መልስ ያጣ ሐዘን የቅርቡን ሰው ነው የሚይዘው። ግን ጭንቅላት የሚፈረካከስባቸው ትዕይንቶች አሉት። አሁን ላንቺ አይሆንም። ይቆይ።

እጮኛሽ የማይጠራልሽ ግን እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው አለ፤ «ሂዝ ሃውስ»። እ.ኤ.አ. በ2020 ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ፤ የሬሚ ዊክስ ሥራ ነው። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው፣ ባሕር አቋርጠው እንግሊዝ የገቡ ባልና ሚስት የተሰጣቸው ቤት ውስጥ አንድ ነገር አለ። ቤቱን ለቀው መሄድ አይችሉም፤ ከወጡ የጥገኝነት ጉዳያቸው ይበላሻል። ባልየው እንግሊዛዊ ለመምሰል ይጣጣራል፤ ጠረጴዛ ላይ በሹካ እንብላ ይላል። ሚስትየው ሹካውን አፏ ውስጥ አድርጋ የሚሰማኝ የብረት ጣዕም ብቻ ነው ትለዋለች። በእጁ ጎርሶ ያደገና ባዕድ አገር የኖረ ሁሉ እዚያ ጋ ይነካል። ሚስትየውን የምትጫወተው ዉንሚ ሞሳኩ «ሲነርስ» ውስጥም አለች፤ ሁለቱም ጋ ድንቅ ናት። ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ከቤተሰባችሁ በባሕር ጉዞ የጠፋ ሰው ካለ ይህን ፊልም ለጊዜው አትክፈቱት። ቁስል ይነካል።

አሁን ወደ እናትሽ። ፊልም አይቶ ቤቱ ሰይጣን የገባበት ሰው አላውቅም። ግን ይህ ለእሳቸው የእምነት ጉዳይ ነው፤ የእኔ ምክር የንስሐ አባታቸውን ቃል አይተካም። ቤቱም የእሳቸው ነው። በእሳቸው ሳሎን አጋንንት የሚጠሩበት፣ መስቀል የሚገለበጥበት ፊልም አይከፈት። ብዙም አይቀርባችሁም። የ2025ቱን «ዘ ኮንጁሪንግ፦ ላስት ራይትስ» ውሰጂ። ብዙ ገንዘብ አገባ፣ የእውነት ታሪክ ነው ተብሎ ተወራ፤ ከቀደሙት ያየነውን ከመድገም ያለፈ ግን እኔ አላገኘሁበትም።

ለፍቅር ብለሽ መቻል የለብሽም። ግን ፍላጎቱ ካለሽ ከቀላሉ ጀምሪ። «ኤ ኳይት ፕሌስ፦ ዴይ ዋን» የ2024 ነው። ሉፒታ ኒዮንጎ በካንሰር ልትሞት ጥቂት ጊዜ የቀራትን ሴት ሆና ትጫወታለች። ድምፅ እየሰሙ የሚያጠቁ ፍጡራን ኒው ዮርክን ሲወሩ ሁሉም ይሸሻል። እሷ ግን ድመቷን ይዛ ሀርለም የሚባለው ሰፈር ሄዳ ፒዛ መብላት ነው የምትፈልገው። ድንገት የሚያስደነብሩ ቦታዎች አሉት፤ ደም ግን ብዙ አታዪም። አንድ ሰዓት ተኩል ቢያልፍ ትንሽ ነው። በቀን፣ መጋረጃው ተከፍቶ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጋችሁ እዩት። ሪሞቱ አንቺ ጋ ይሁን። ከወደድሽው ቀጥሎ «ሲነርስ»ን ሞክሪ።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ ከጠራኋቸው ውስጥ ለ13 ዓመት ልጅ የሚሆነው ይኸው የሉፒታ ፊልም ብቻ ነው፤ አሜሪካኖቹም ከ13 ዓመት በታች ላሉ ላይሆን ይችላል ብለው ነው የመደቡት። እሱም ቢሆን እናታችሁ ከፈቀዱና አንቺ አጠገቡ ከተቀመጥሽ ነው። «ሲነርስ» ግድያም የወሲብ ትዕይንትም አለበት፤ ጥቂት ዓመት ይጠብቅ። ሌሊት መቀስቀሱንም ለጊዜው ተዪው፣ ልጁ ትምህርት አለው። ኮሪደሩ ላይ ትንሽ መብራት አብሪና እንቅልፍሽ እስኪመለስ ድረስ ማታ ማታ ሆረር የሚባል አትክፈቺ።