«ስትሪት ሊጋል» ተብሎ የተሸጠ ጎልፍ ካርት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ አጠገብ ነው። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ ግሪን ካርድ አላቸው፣ መንጃ ፈቃድ ግን የላቸውም። ቤተ ክርስቲያናችን ከቤታችን ሁለት ማይል ያህል ይርቃል። ሰው ሳያስቸግሩ በራሳቸው እንዲመላለሱ ብዬ ያገለገለ ባለ አራት ወንበር ጎልፍ ካርት በ6,500 ዶላር ገዛሁላቸው። ሻጩ መብራት፣ ስፖኪዮና ቀበቶ ገጥሞለት፣ ፍጥነቱንም 24 ማይል አድርሶ «ስትሪት ሊጋል (መንገድ ላይ ለመንዳት ሕጋዊ) ነው፤ ምንም ወረቀት አያስፈልገውም» አለኝ። ከሰፈራችን ስንወጣ 45 ማይል የሚነዳበት ትልቅ መንገድ መሻገር አለብን። የ15 ዓመት ልጄም «እኔ ልንዳው» እያለ ነው። እኔ ግን ልቤ አልሞላም። ምን ይጎድለዋል?

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ ልብዎ አለመሙላቱ ደግ ነው። ካርቷ ከጋራዥ ካልወጣች ለጊዜው እዚያው ትቆይ።

ሻጩ የገጠማቸው መብራትና ስፖኪዮ ጥፋት የለባቸውም። ችግሩን ያመጣው ፍጥነቱ ላይ የጨመረው አራት ማይል ነው። በፍሎሪዳ ሕግ ጎልፍ ካርት ማለት ለጎልፍ ሜዳ ተብሎ የተሠራ፣ በሰዓት ከ20 ማይል (32 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ መሄድ የማይችል ተሽከርካሪ ነው። «የማይችል» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉልኝ። ሕጉ የሚያየው አባትዎ በስንት እንደሚነዱ ሳይሆን ካርቷ ስንት መድረስ እንደምትችል ነው። እሳቸው በአሥር ማይል ቀስ እያሉ ቢሄዱ እንኳ፣ 24 የምትደርስ ካርት በሕግ ፊት ጎልፍ ካርት መሆኗ ቀርቷል።

ከ20 በላይ እስከ 25 ማይል የሚደርስ ባለ አራት ጎማ ሌላ መደብ ውስጥ ይገባል፤ «ሎው ስፒድ ቪሂክል» ወይም ባጭሩ ኤል ኤስ ቪ ይባላል። መደቡን የፈጠረው የፌዴራሉ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ደረጃ ቁጥር 500 ነው። ፍሎሪዳም ይህንኑ ተቀብላ ታርጋ፣ ታይትል (አገር ቤት ሊብሬ የምንለው)፣ ኢንሹራንስና መንጃ ፈቃድ የያዘ ሾፌር ትጠይቃለች። የእርስዎ ካርት ከእነዚህ አንዱም የላትም። ጎልፍ ካርት እንዳትባል ፈጥናለች፣ ኤል ኤስ ቪ እንዳትባል አልተመዘገበችም፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆናለች። «ስትሪት ሊጋል» የሚለው ቃል ሻጮች የሚጠቀሙበት ስም እንጂ በሕጉ ውስጥ ያለ መደብ አይደለም።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰቡኝ አባትዎ ናቸው። የፍሎሪዳ ሕግ ጎልፍ ካርት ለሚነዳ ሰው መንጃ ፈቃድ አይጠይቅም። ይህ ነፃነት የሚሠራው ግን ካርቱ በእርግጥ ጎልፍ ካርት ከሆነና ሕጉ በፈቀደለት መንገድና ሰዓት ከተነዳ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ነፃነቱም አብሮ ይወድቃል፤ የሚቀረው «ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳት» ነው። ይህ ደግሞ እዚህ ስቴት ትኬት ከፍለው የሚገላገሉት ነገር አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ቀላል ወንጀል ተብሎ እስከ 60 ቀን እስራትና እስከ 500 ዶላር ቅጣት ሊያመጣ ይችላል። አንድ ዳኛ የ71 ዓመት አዛውንት ለዚህ ብሎ ያስራል ብዬ አላስፈራራዎትም። ነገር ግን አባትዎ ነገ ዜግነት ሲያመለክቱ ቅጹ ተይዘው ወይም ተከሰው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃቸዋል፤ ያኔ የፍርድ ቤት ወረቀት ፍለጋ መሯሯጥ ይመጣል። ግሪን ካርድ ላላቸው ወላጆች ትንሿንም የወንጀል ክስ ትንሽ አድርጌ የማላየው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን መምረጥ ይኖርብዎታል።

የመጀመሪያው ካርቷን ወደ ጎልፍ ካርትነቷ መመለስ ነው። መካኒክ ፍጥነቷን ከ20 ማይል በታች ያደርግና ሥራውን በጽሑፍ ያረጋግጥልዎታል፤ ያቺን ወረቀት ወንበሩ ሥር አስቀምጡ። ዕቃው ላይ ሕጉ ብዙ አያስቸግርም። በደንብ የሚይዝ ፍሬን፣ የሚታመን መሪ፣ ደህና ጎማ፣ የኋላ ማሳያ መስታወት፣ ከፊትም ከኋላም ቀይ አንጸባራቂ ይበቃል። አባትዎም ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳት ይችላሉ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ 18 ዓመት የሞላው ሰው መንግሥት የሰጠው ባለ ፎቶ መታወቂያ መያዝ ግዴታው ሆኗል፤ ግሪን ካርዳቸው መንግሥት የሰጠው ባለ ፎቶ መታወቂያ ስለሆነ ሲወጡ ኪሳቸው ይሁን። ከ18 በታች የሆነ ደግሞ ቢያንስ የለማጅ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ድሮ 14 ዓመት የሞላው ልጅ ያለ ምንም ወረቀት ይነዳ ስለነበር ብዙ ቤተሰብ አሁንም ያው ይመስለዋል። ልጅዎ የለማጅ ፈቃዱን እስኪያወጣ ቁልፉን አይስጡት።

የዚህ ምርጫ ማነቆ መንገዱና ሰዓቱ ነው። ጎልፍ ካርት የሚሄደው ከተማው ወይም ካውንቲው ለጎልፍ ካርት ብሎ በለየው መንገድ ላይ ብቻ ነው፤ በተለየው መንገድም ይህንኑ የሚገልጽ ሰሌዳ ይተከላል። ሰፈሩ ጸጥ ያለ፣ የፍጥነት ወሰኑም 25 ማይል መሆኑ ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። ትልቁን መንገድ መሻገርም እንዲሁ ለካርት መሻገሪያ ተብሎ የተፈቀደ ቦታ ይፈልጋል፤ መንገዱ የስቴት ከሆነ ደግሞ የስቴቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ማጽደቅ አለበት።

ሰዓቱ ላይ ልማዳችን ከሕጉ ጋር ይጋጫል። ጎልፍ ካርት በመርሕ የሚነዳው ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ሳትጠልቅም በፊት ነው። አባትዎ እንደማውቃቸው አባቶች ከሆኑ ቅዳሴ ሲጋመስ የሚደርሱ ሰው አይመስሉኝም። ለኪዳን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው የሚወጡ ናቸው፤ ለበዓል ማኅሌት ደግሞ ገና ማታውኑ ይሄዳሉ። በጥር ወር ኦርላንዶ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ከተማው በጨለማ መንዳትን ለይቶ ካልፈቀደ በቀር እሳቸው ቤተ ክርስቲያን መድረስ በሚፈልጉበት ሰዓት ካርቷ መንገድ ላይ መገኘት የለባትም። ከፈቀደም የፊት መብራት፣ የፍሬን መብራት፣ ፍሬቻና የፊት መስታወት ግዴታ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ምርጫ ካርቷን በሕግ ኤል ኤስ ቪ ማድረግ ነው። እርስዎ ግማሹን መንገድ ሄደዋል። የሚጠየቁት የፊት መብራት፣ ከፊትም ከኋላም ፍሬቻ፣ የኋላ መብራት፣ የፍሬን መብራት፣ የእጅ ፍሬን፣ በየወንበሩ ቀበቶ፣ በሾፌሩ በኩል የውጭ ስፖኪዮ፣ ከዚያም በተሳፋሪው በኩል ወይም በመሐል ሌላ አንድ ስፖኪዮ ናቸው። ቀይ አንጸባራቂ ሦስት ይፈለጋል፤ በግራና በቀኝ ጎን ወደ ኋላ ተጠግቶ አንዳንድ፣ በስተኋላም አንድ። የፌዴራሉ ደረጃ ከጊዜ በኋላ የኋላ እይታ ካሜራንና ለእግረኛ የሚሰማ የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅን ስለጨመረ፣ መካኒክዎ አሮጌ ዝርዝር ይዞ እንዳይሠራ ያስጠንቅቁት። ከነሙሉ ጭነቷ የተፈቀደላት ክብደትም ከ3,000 ፓውንድ (1,361 ኪሎ) በታች መሆን አለበት።

በጻፉልኝ ዝርዝር ውስጥ የፊት መስታወት አላየሁም። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ደንበኛዬ በኢንተርኔት ያዘዘውን አጣፊ ፕላስቲክ ገጥሞ፣ ካርቱን በተሳቢ ጭኖ ለምርመራ ከሄደ በኋላ ሳይመረመር ተመልሷል። መስታወቱ የተሽከርካሪ መስታወት ደረጃን ማሟላት አለበት። ጎንበስ ብለው የታችኛውን ጥግ ይዩት፤ በደቃቁ የተቀረጸ ምልክት፣ አብዛኛውን ጊዜ «ኤ ኤስ 1» የሚል፣ ያገኛሉ። ጥጉ ባዶ ከሆነ ገንዘብዎን አያውጡበት።

ከዚያ ቁጥሩ አለ። ወንበሩን ሲያነሱ የሚያዩት የፋብሪካ መለያ ቁጥር ለጎልፍ ሜዳ የተሰጠ ነው፤ የመኪናው ባለ 17 አሃዝ የሻንሲ ቁጥር አይደለም። ለተለወጠ ካርት ቁጥሩን የሚሰጠው የስቴቱ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚሰጠውም መርምሮ ነው። ወደ መሥሪያ ቤቱ ክልላዊ ቢሮ ይዘው የሚሄዱት ጎልፍ ካርት ወደ ኤል ኤስ ቪ መለወጡን የሚያረጋግጠውን ቃለ መሐላ (ቅጽ 86064)፣ የሠሪውን መግለጫ (ቅጽ 84490)፣ የተረጋገጠ የክብደት ወረቀት፣ የግዢውን ሰነድና የተጨመሩትን ዕቃዎች ደረሰኝ ነው። ሻጩ ለገጠማቸው መብራቶች ደረሰኝ ካልሰጠዎት ዛሬውኑ ይጠይቁት። ወደ ምርመራ የምትሄደውም ተጭና ነው፤ እየተነዳች አትሄድም።

ምዝገባው ሲያልቅ በኢንሹራንስ በኩል ሕጉ የሚያስገድደው ዝቅተኛው መጠን ለራስ ጉዳት 10,000 ዶላር፣ ለሌላ ሰው ንብረት 10,000 ዶላር ነው። ከዚያ በኋላ ካርቷ የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይልና ከዚያ በታች በሆነ መንገድ ሁሉ፣ ከተማው ወይም ካውንቲው ካልከለከለ በቀር፣ ቀንም ሌሊትም ትሄዳለች። 45 ማይሉን መንገድም በመስቀለኛ ላይ መሻገር ትችላለች፤ በላዩ ላይ ተከትሎ መሄድ ግን አይቻልም። መሪውን የሚይዘው ግን መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው።

በሁለቱም ምርጫ የሚቀር አንድ ዕዳ አለ፤ ስለ እሱ ከሻጭ አይሰሙም። ፍሎሪዳ ውስጥ መኪናውን ፈቅዶ ለሌላ የሰጠ ባለቤት፣ ያ ሰው በቸልተኝነት ላደረሰው ጉዳት አብሮ ይጠየቃል። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ መርሕ ለጎልፍ ካርትም እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1984 ወስኗል። ስለዚህ አባትዎ ወይም ልጅዎ ሰው ቢገጩ፣ እርስዎ ቤት ውስጥ ቡና እያፈሉ ቢሆን እንኳ፣ ክሱ በስምዎ ይመጣል። ብዙ የቤት ኢንሹራንስ ውል ካርቱ ከግቢ ሲወጣ ሽፋኑን ያቆማል። ሕጉ ለጎልፍ ካርት ኢንሹራንስ ባያስገድድም የሰው አካል ጉዳትን የሚሸፍን ውል ይግዙ፤ ኤል ኤስ ቪ ከሆነችም በዝቅተኛው መጠን አይቁሙ። ሰክሮ የመንዳት ሕግም ለካርት እንደሚሠራ ለቤተሰቡ ሁሉ ይንገሩ፤ ከሰርግ ወይም ከክርስትና ድግስ ሲመለስ «ካርት እኮ ናት» የሚል አይጠፋም።

የእኔ ምክር ይህ ነው። መንገድዎ 45 ማይል የሚነዳበትን ትልቅ መንገድ የሚያቋርጥ፣ የአባትዎም ሰዓት ከንጋት በፊት ስለሆነ ጎልፍ ካርትነቷ ለቤተ ክርስቲያን አይጠቅማችሁም። ኤል ኤስ ቪ አድርገው ያስመዝግቧት፤ በሌሊቱ ጉዞ እርስዎ ወይም መንጃ ፈቃድ ያለው የቤተሰብ ሰው ይንዳ። አባትዎ ዓይናቸውና ጆሯቸው ደህና ከሆነ መንጃ ፈቃድ እንዲያወጡ ያበረታቷቸው፤ ያኔ የተመኙላቸው ነፃነት በእጃቸው ይገባል። በራሳቸው መንዳት የሚፈልጉት ቀን ቀን እዚያው ሰፈር ውስጥ ብቻ ከሆነ ግን ወደ 20 ማይል መመለሱ ርካሽና ቀላል ነው። ሁለቱን በአንድ ካርት ማግኘት አይቻልም።

ስለ ሻጩም ልጨምር። «ወረቀት አያስፈልገውም» ያለበትን የጽሑፍ መልእክትና ማስታወቂያውን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ካርት መሸጥ ሥራው ከሆነ የፍሎሪዳ የአታላይ ንግድ ሕግ ይመለከተዋል። በፍሎሪዳ የአነስተኛ ክስ ችሎት እስከ 8,000 ዶላር ድረስ ስለሚያይ የከፈሉት 6,500 በዚያ ውስጥ ይገባል። ከክስ በፊት ግን ሁለት አማራጭ ያለው ደብዳቤ ይጻፉለት፦ ወይ ካርቷን ወስዶ ገንዘብዎን ይመልስ፣ ወይ መስታወቱን፣ የጎደለውን ዕቃና የምርመራውን ወጪ ይሸፍን። አሥር ቀን ይስጡት። ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት የከተማዎን ጸሐፊ ቢሮ ደውለው ጎልፍ ካርት የተፈቀደባቸውን መንገዶች ዝርዝርና ኤል ኤስ ቪ የተከለከለበት መንገድ ካለ ይጠይቁ፤ መልሱን በኢሜይል እንዲልኩልዎት ያድርጉ።