የተጓዥ ፒቲኤ ላይሰንስ፦ ሥራሽን ከመልቀቅሽ በፊት

ሰላም እህቴ፣ ጽሑፍሽ ደርሶኛል። ለሌሎቹም እንዲገባቸው ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምትኖሪው። በፊዚካል ቴራፒስት ረዳትነት፣ ማለትም በፒቲኤነት፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሁለት ዓመት ተኩል ሠርተሻል። አሁን አንድ ሪክሩተር፣ ማለትም ሠራተኛ መልማይ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የ13 ሳምንት የተጓዥ ኮንትራት (ከስቴት ስቴት እየሄዱ ለአጭር ጊዜ የሚሠሩት ሥራ) አምጥቶልሽ «ላይሰንሱ በሁለት ሳምንት ይደርሳል፣ ለአለቃሽ የመልቀቂያ ማስታወቂያ ስጪ» ብሎሻል። አንቺ ደግሞ በየስቴቱ እንደ አዲስ ፈተና መቀመጥ አለብኝ ወይ፣ እድሳቱስ እንዴት ነው ብለሻል።

እባክሽ ማስታወቂያውን አትስጪ። ላይሰንስሽ በስምሽ ወጥቶ በካሊፎርኒያ ቦርድ (ላይሰንሱን በሚሰጠው የስቴቱ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ በዓይንሽ እስክታዪው ድረስ ሥራሽ ላይ ቆዪ። ሪክሩተሩ ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። ግን ላይሰንሱ ቢዘገይ እሱ ሌላ ሰው ይልካል፣ አንቺ ግን ያለ ደሞዝ ትቀመጫለሽ።

ፈተናውን አትደግሚም። ብሔራዊው ፈተና ለሁሉም ስቴት አንድ ነው፣ ማለፊያው 600። ማድረግ ያለብሽ የስቴት ቦርዶች ፌዴሬሽን ውጤትሽን በቀጥታ ለአዲሱ ቦርድ እንዲልክልሽ ማዘዝና መክፈል ነው። አንዳንድ ስቴት ግን ስለ ራሱ ሕግ የሚጠይቅ ሌላ አጠር ያለ ፈተና አለው። ካሊፎርኒያም ቴክሳስም አላቸው።

አሁን ሪክሩተሩ ያልነገረሽን ልንገርሽ። ቨርጂኒያ የፒቲ (ፊዚካል ቴራፒ) ኮምፓክት አባል ናት። ኮምፓክት ማለት አባል ስቴቶች እርስ በርስ ሠራተኛ ለመቀበል ያደረጉት ስምምነት ሲሆን ከ2018 ጀምሮ እየሠራ ነው። ነርስ ጓደኞችሽ በአንድ ላይሰንስ ብዙ ስቴት ሲሠሩ አይተሽ ይሆናል፤ የእናንተ ትንሽ ይለያል። ለእያንዳንዱ ስቴት «ፕሪቪሌጅ» የሚባለውን የመሥራት ፈቃድ ለይተሽ ትገዢያለሽ። ኮምፓክቱን ለሚያስተዳድረው ኮሚሽን 45 ዶላር፣ ከዚያ ስቴቱ የሚጠይቀው ይጨመርበታል። ላይሰንስሽ ላይ የዲሲፕሊን ቅጣት ከሌለብሽና መንጃ ፈቃድሽ የቨርጂኒያ ከሆነ ነገሩ ኦንላይን ያልቃል፣ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን። ቴክሳስ፣ ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ኮሎራዶ ሁሉም እዚህ ውስጥ አሉ። ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ የሉም። ስለዚህ ለካሊፎርኒያ ሙሉ ላይሰንስ ነው የምታወጪው፦ ማመልከቻ፣ የውጤት ዝውውር፣ ከቨርጂኒያ ቦርድ በቀጥታ የሚላክ ማረጋገጫ፣ አሻራ። እዚያው ያለ ሰው አሻራውን በኤሌክትሮኒክ ይሰጣል፤ ከቨርጂኒያ የምትልኪ ከሆነ ግን በካርድ ተነስቶ በፖስታ ስለሚሄድ ጊዜ ይበላል። ይህን ሁሉ በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ ብለሽ አታስቢ፤ ወራት እንደሚፈልግ ቆጥረሽ ተነሺ።

የእኔ ምክር፣ የመጀመሪያውን ኮንትራት ከኮምፓክት ስቴት ውሰጂ። ካሊፎርኒያን ከፈለግሽ ማመልከቻውን ዛሬ አስገቢና እየሠራሽ ጠብቂው፣ ለሁለተኛ ወይ ለሦስተኛ ኮንትራት ይደርሳል።

ማመልከቻውን ከማስገባትሽ በፊት ስምሽን አጣሪ። ይሄ የኛ ሰው ጣጣ ነው። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ገብቶ፣ መንጃ ፈቃድ ላይ የአባት ስም ብቻ ተጽፎ፣ የኮሌጁ ወረቀት ላይ ሦስቱም ተደርድረው ይገኛሉ። ቦርዱ ሁለት የተለያየ ሰው ነው የሚመስለው፣ ፋይልሽም ይቆማል። መንጃ ፈቃድሽን፣ የቨርጂኒያ ላይሰንስሽንና የፌዴሬሽኑን አካውንት ጎን ለጎን አስቀምጪና ፊደል በፊደል አስተያዪ። ልዩነት ካለ መጀመሪያ እሱን አስተካክዪ።

ወደ እድሳቱ ልምጣ፣ በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ፕሪቪሌጆችሽ ሁሉ የተንጠለጠሉት በቨርጂኒያው ላይሰንስ ላይ ነው። እሱ ጊዜው ካለፈ የቴክሳሱም አብሮት ያልፋል፣ በማግስቱ በሽተኛ መንካት አትችዪም። የቨርጂኒያ እድሳት በየሁለት ዓመቱ ዲሴምበር 31 ነው፣ 2026፣ 2028 እያለ። ልብ በይ፣ ይህ ብዙዎቻችን ለገና አገር ቤት የምንገባበት ሰሞን ነው። ከመብረርሽ በፊት ጨርሺው። ደግሞም «ባለፈው ሳድስ የትምህርት ሰዓት (በሥራ ላይ እያሉ የሚወሰድ ተከታታይ ትምህርት) አልጠየቁኝም» ብለሻል። ያ የሆነው ላይሰንሱን በፈተና ካገኘሽ በኋላ የመጀመሪያ እድሳትሽ ስለነበር ነው፣ ቨርጂኒያ የመጀመሪያውን ነፃ ታደርጋለች። የሚቀጥለው ላይ 30 ሰዓት ይጠበቅብሻል። ስታድሺ «አሟልቻለሁ» ብለሽ ምልክት ታደርጊያለሽ፣ ከዚያ ቦርዱ በዕጣ አንዳንዱን ሰው ወረቀት አምጣ ይላል። ሰርተፊኬቶችሽን በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጪ፣ ለአራት ዓመት አትጣያቸው። በፕሪቪሌጅ ስትሠሪ የሌላውን ስቴት ሰዓት አትጠየቂም፣ የቨርጂኒያው ይበቃሻል። ካሊፎርኒያ ግን ሙሉ ላይሰንስ ስለሆነ የራሱ ሰዓትና የራሱ ቀን አለው፣ የሚያልቀውም በተወለድሽበት ወር መጨረሻ ነው። ሁለቱንም ቀኖች ካላንደርሽ ላይ አስገቢ።

ሌላው፣ ካሊፎርኒያ ሄደሽ ብትወጂውና እዚያ መንጃ ፈቃድ ብታወጪ ቤትሽ ቨርጂኒያ መሆኑ ቀረ፣ በቨርጂኒያ የገዛሻቸው ፕሪቪሌጆችም አብረው ይቀራሉ። አስበሽበት አድርጊው።

ሥራ ቦታ ስትደርሺ የምትተዳደሪው በሽተኛው ባለበት ስቴት ሕግ ነው። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) በግል ክሊኒኮች ቴራፒስቱ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ይገኝ ማለቱን ትቷል፣ ግን የስቴቱ ሕግ ጠበቅ ያለ ከሆነ የሚሠራው የስቴቱ ነው። ምርመራ ማድረግና የሕክምና ዕቅዱን መቀየር የቴራፒስቱ ሥራ ነው። «ቴራፒስቱ ዛሬ የለም፣ አንቺው ጨርሺው» የሚል አለቃ ይገጥምሻል። እምቢ በይ። ስህተቱ የሚመዘገበው በአንቺ ላይሰንስ ላይ ነው።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ። ለቤትና ለምግብ የሚሰጥሽ ከታክስ ነፃ የሚሆነው ቨርጂኒያ ውስጥ በእውነት የምትከፍዪበት ቤት ካለሽ ነው። ኪራዩን ለቀሽ ዕቃሽን እህትሽ ጋ ካስቀመጥሽ ነገሩ ይለወጣል፣ የታክስ ሰው አማክሪ።

ለሪክሩተሩ ዛሬ ኢሜይል ጻፊለትና እነዚህን ጠይቂው፦ ኮምፓክት ስቴት ውስጥ ምን ሥራ አለ? የላይሰንስ ወጪዬን ማን ይሸፍናል? ኮንትራቱን ባልጨርስ መልሳችሁ ትቆርጡብኛላችሁ? የበሽተኛው ቁጥር ቢቀንስስ በሳምንት የስንት ሰዓት ይከፈለኛል? መልሱን በጽሑፍ ይላክልሽ። ሲደርስሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።