የበዓል መዝሙር ቅንብር ለመዘምራን፣ ለነሐስ መሣሪያዎችና ለኦርጋን፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለበዓሉ ሁለት ትራምፔትና ሁለት ትሮምቦን አግኝተናል። ከመዘምራኑ ባለ አራት ድምፅ ኖታ ላይ በቀጥታ ቢነፉ ችግር አለው?

መልስ፦ ትሮምቦኖቹ የቴነሩንና የባሱን (የወንዶቹን ከፍተኛና ዝቅተኛ ድምፅ) መስመር እንዳለ ይነፋሉ። የተለመደው የቢ ፍላት ትራምፔት ግን ከተጻፈለት አንድ ሙሉ ድምፅ (ከዶ እስከ ሬ ያለውን ያህል) ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ፣ ኖታው በዚያው ልክ ከፍ ተደርጎ ሊጻፍለት ይገባል። አራቱም ከዳር እስከ ዳር ከነፉ ደግሞ የመዝሙሩ ቃል ይሸፈናል፤ የነፊዎቹም ከንፈር ስለሚደክም ሊደምቅ የሚገባው የመጨረሻው አንቀጽ ይፈዛል። መግቢያውን፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አንቀጽ ስጧቸው፤ ከመካከለኞቹ አንዱን መዘምራኑ ያለ ምንም መሣሪያ ይዘምሩት። ከሁሉ በፊት ግን የኦርጋኑን ቅኝት ለኩ።

ጥያቄ፦ ነፊዎቹ ለመቃኛ የሚያገለግለውን ኤ የተባለውን ኖታ በ440 ኸርዝ ከቃኙ ኦርጋኑን መለካት ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ የቧንቧ ኦርጋን በ440 የሚቆየው በተቃኘበት ሙቀት ብቻ ስለሆነ ነው። አየሩ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር አብዛኞቹ ቧንቧዎች የግማሽ ድምፅ ሦስት መቶኛ ያህል ከፍ ይላሉ፤ በ15 ዲግሪ የተቃኘ ኦርጋን ሕዝብ ሞልቶ አዳራሹ 22 ሲደርስ የግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ያህል ይሸሻል። ባለ ምላስ ቧንቧዎቹ (በሚርገበገብ ቀጭን ብረት የሚጮኹት) ደግሞ እምብዛም ስለማይንቀሳቀሱ ኦርጋኑ ከራሱም ጋር ይጣላል። ነሐሱም ሲቀዘቅዝ ዝቅ፣ ሲነፋ ሞቆ ከፍ ይላል። በዕለቱ ኦርጋኑን መቃኘት ስለማይቻል፣ ነፊዎቹ መሣሪያቸውን ካሞቁ በኋላ የመቃኛ ቱቦውን ከፍ ለማለት እያስገቡ፣ ዝቅ ለማለት እየሳቡ ወደ እርሱ ይምጡ።

ጥያቄ፦ ቅንብሩ እንዲያምር ምን እናድርግ?

መልስ፦ የትኛው መዝሙር? ስንት ዘማሪ? እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ የለኝም።

አንድ አባል፦ ከመጨረሻው አንቀጽ በፊት ግማሽ ድምፅ ከፍ ማለት ግድ ነው፤ ያለዚያ በዓል በዓል አይልም።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ እርሱ የሰነፍ አቀናባሪ ዘዴ ነው። ምእመናኑ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ይጮኻሉ።

የመጀመሪያው አባል፦ የእኛ ምእመናን ጮኸው አያውቁም።

መልስ፦ ስለ ጉሮሮ ከመከራከራችሁ በፊት ስለ ቁልፉ፣ ማለትም መዝሙሩ ስለሚዘመርበት የድምፅ መደብ አስቡ። ከዲ ሜጀር ወደ ኢ ፍላት ብትወጡ ትራምፔቱ፣ ኖታው አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ብሎ ስለሚጻፍለት፣ ከአራት ሻርፕ (ኖታን በግማሽ ድምፅ ከፍ የሚያደርግ ምልክት) ወደ አንድ ፍላት (ዝቅ የሚያደርግ ምልክት) ስለሚሸጋገር ያመሰግናችኋል፤ ከቢ ፍላት ወደ ቢ ብትወጡ ግን ሰባት ሻርፕ ፊቱ ይደረደርበታል።

ጥያቄ፦ በመጨረሻው አንቀጽ ሶፕራኖዎች (ከፍተኛ ድምፅ ያላቸው ሴቶች) ከዜማው በላይ ሌላ ዜማ ሲዘምሩ ትራምፔቱ ይከተላቸው?

መልስ፦ አይከተላቸው፤ ይውጣቸዋል። ዋናውን ዜማ ከምእመናኑ ጋር ይያዝ።

ጥያቄ፦ ትራምፔቶቹን በ440 ብንቃኝ አይበቃም?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ኦርጋኑን ለኩ።