ኃያል ቡድን ደፋር መሆን ያለበት መቼ ነው?

ጥያቄ፦ በጎንደር፣ አዘዞ፣ የሠፈር ታዳጊዎችን እግር ኳስ አሠለጥናለሁ። ከወንድሜ ልጅ ጋር ሌሊት ሌሊት የአሜሪካ ኮሌጆችን ፉትቦል (ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን የአሜሪካ ጨዋታ) በኢንተርኔት መከታተል ከጀመርን ወዲህ አንድ ነገር ያከራክረናል። እሱ «ኃያል ቡድን ተጠንቅቆ ቢጫወት ማሸነፉ አይቀርም፤ ለምን ይደፍራል?» ይላል። እኔ ደግሞ ማፈግፈግ ሽንፈትን ይጠራል ባይ ነኝ። ትክክሉ ማናችን ነን?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ሁለታችሁም የእውነቱን ግማሽ ይዛችኋል፤ ለእኔ ግን የእርስዎ ግማሽ ይበልጣል።

ኃያል ቡድን የሚጠቀመው ጨዋታው ሲረዝም ነው። አንድን ዙር የማሸነፍ ዕድሉ 60 በመቶ የሆነ ቡድን በአንድ ዙር ብቻ ቢፈተን ከ100 ጊዜ 40 ጊዜ ይሸነፋል፤ ከ7 ዙር 4ቱን ያሸነፈ ይለፍ ቢባል ግን ሽንፈቱ ወደ 29 ጊዜ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሁሉንም ነገር በአንድ ዕጣ ላይ መጣል የደካማው ብልሃት እንጂ የኃያሉ አይደለም። በዚህስ የወንድምዎ ልጅ ልክ ነው።

ነገር ግን በአሜሪካ ፉትቦል አጥቂው ቡድን 10 ያርድ (1 ያርድ ከ1 ሜትር ጥቂት ያንሳል) ለመጓዝ 4 ሙከራ አለው፤ ካልተሳካለት ኳሷን እዚያው ለተጋጣሚው ያስረክባል። በ4ኛው ሙከራ ላይ 1 ያርድ ብቻ ሲቀረው ኳሷን ወደ ተጋጣሚው ጠልዞ መስጠቱ በልማድ ጥንቃቄ ይባላል። ጉልበት ያላቸው የፊት መስመር ተጫዋቾች ላሉት ቡድን ይህ የራሱን ብልጫ በገዛ እጁ ማስረከብ ነው።

ኅዳር 21 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ 2013፣ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከኦበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ያደረገው ጨዋታ ሁለቱንም ያሳያል። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት ሻምፒዮናዎች የወሰደው የአሠልጣኝ ኒክ ሳባን አላባማ 28 ለ 21 እየመራ ሳለ፣ ከኦበርን ግብ አጠገብ በ4ኛው ሙከራ ለ1 ያርድ ደፈረና ከሸፈበት። ብዙዎች ይህን ይነቅፋሉ፤ እኔ ግን ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ፣ ምክንያቱም ውሳኔ የሚመዘነው በተወሰነበት ሰዓት በነበረው ዕድል እንጂ ኋላ በሆነው አይደለም። የሚያስቆጨኝ የመጨረሻው ነው። 28 ለ 28 ሆነው 1 ሰከንድ ሲቀር፣ ተጨማሪ ጊዜ እየጠበቀው፣ አላባማ ሁሉን በአንድ ዕጣ ላይ ጥሎ ከ57 ያርድ ርቀት ኳሷን በእግር ወደ ግብ አስመታ፤ ብትገባ 3 ነጥብ ታስገኝ ነበር። ኳሷ አጠረች፤ የኦበርኑ ክሪስ ዴቪስ ከግቡ ሥር ተቀብሎ ሜዳውን ሙሉ ሮጦ በ6 ነጥብ 34 ለ 28 አደረገው። ለምት የተሰለፉት የአላባማ ተጫዋቾች አብዛኞቹ ግዙፍ ስለነበሩ ሯጩን የሚደርስበት አልነበረም።

በእኛ እግር ኳስ ጎል ብርቅ ስለሆነ 1 ለ 0 ሲመሩ ጥቂት መሰብሰብ ያን ያህል አያስነቅፍም፤ ቢሆንም ልጆችዎ ኳሷን ዝም ብለው ወደ ፊት ከሚጠልዙ ይዘው ቢቀባበሉ እመርጣለሁ። በማዕዘን ምት ጊዜ ረጃጅም ተከላካዮችዎን ወደ ፊት ሲልኩ ደግሞ፣ ፈጣን የሆኑ ሁለት ልጆች ከመሃል ሜዳው ኋላ መቅረታቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ።