«አልጋዬን ለማን ሰጣችሁት?»

ጥያቄ፦ «ልጃችን 2 ዓመት ከ4 ወር ሆኗታል። ከተወለደች ጀምሮ የተኛችው እኛ መኝታ ቤት፣ በራሷ የሕፃን አልጋ ነው። ከአንድ ወር በፊት ትልቅ አልጋ ገዝተን ሁለተኛው ክፍል ውስጥ አነጠፍንላት፤ ሞግዚቷም እዚያው ታድራለች። የድሮውን አልጋ ለሚመጣው ሕፃን አጥበን፣ አዲስ አንሶላ አልብሰን እኛ ክፍል አስቀምጠነዋል፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ልጅቷ ግን ከሌሊቱ 7 እና 8 ሰዓት ላይ እየተነሳች ትመጣለች። አንዳንድ ጊዜ ምንም ሳትናገር የድሮ አልጋዋን ይዛ ቆማ አገኛታለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ‹አልጋዬን ለማን ሰጣችሁት?› እያለች ትነዘንዘኛለች። ‹አንቺ ትልቅ ልጅ ነሽ፤ ትልልቅ ልጆች እናታቸው ጋር አይተኙም› እላታለሁ። ክፍላችንን መቆለፍ ጀምሬ ነበር፤ ባለቤቴ ከፍቶ ያቅፋትና እኛ መሐል ያስተኛታል። ‹ጨከንሽባት› ይለኛል። አማቴም ‹ልጅ ከእናቱ ጎን ካልተኛ የት ሊተኛ ነው?› እያሉ ያባብሱብኛል። እኔ ታናሼ ሲወለድ በ4 ዓመቴ ወደ አያቴ ተልኬ፣ መደብ ላይ እየተኛሁ ነው ያደግኩት፤ ምንም አልሆንኩም። ባለቤቴ ልጅቷን እያበላሻት መሆኑን እርስዎ ቢነግሩልኝ ይሰማል።»

መልስ፦ ውድ እናት፣ ለባለቤትዎ እንድነግርልዎ የፈለጉትን ልነግራቸው አልችልም፤ ልጃቸውን እያበላሹ ነው ብዬ አላምንምና። ይህ እንደሚያስከፋዎት አውቃለሁ። ደብዳቤውን የጻፉት በሰባተኛ ወር እርግዝናዎ፣ እንቅልፍ አጥተው፣ ከባልም ከአማትም ወቀሳ እየሰሙ መሆኑን አልዘነጋሁም። ማንም ሰው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ቢያንስ ሌሊቱ እንዲያርፍለት ይመኛል። ምኞትዎ ትክክል ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው ብዬ አስባለሁ፤ እርስዎም ሳያውቁት ቦታውን በደብዳቤዎ ውስጥ አመልክተውኛል።

ልጅዎ የጠየቀችውን ጥያቄ እርስዎ እንደ ንዝንዝ ቆጥረው በአንድ መስመር አልፈውታል። እኔ ግን ከዚያ መስመር ማለፍ አልቻልኩም። ልጅቷ አዲሱን አልጋ አልወደድኩትም አላለችም። ጨለማ ያስፈራኛልም አላለችም። አልጋዬን ለማን ሰጣችሁት ነው ያለችው። በሁለት ዓመት ከአራት ወር ዕድሜዋ፣ እርስዎና ባለቤትዎ ገና በግልጽ ያልነገራችኋትን ነገር በራሷ ደርሳበታለች፤ ቦታዋን የሚወስድ ሰው አለ።

እስቲ በእርሷ ቁመት ሆነው ቤታችሁን ይመልከቱት። የእናቷ ሆድ በየሳምንቱ ይገፋል። የመጣ እንግዳ ሁሉ ሆዱን እያየ ይስቃል፤ ስለ አንድ የማይታይ ሰው ይወራል። እርሷ ከተወለደች ጀምሮ የተኛችበት አልጋ ታጥቦ፣ አዲስ አንሶላ ለብሶ፣ ከወላጆቿ አልጋ አጠገብ ባዶውን ቆሟል። ለዚህ ዕድሜ ልጅ «ከሁለት ወር በኋላ» ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ ጊዜን እንዲህ መለካት ገና አልቻለችም። የምታውቀው ዛሬ የምታየውን ብቻ ነው። ዛሬ የምታየው ደግሞ ባዶ አልጋዋ እርሷን ሳይሆን ሌላ ሰው እየጠበቀ መሆኑን ነው። ያ ሰው መቼ እንደሚገባ ስለማታውቅ ሌሊት ተነስታ ልታይ ትመጣለች። የምትፈልገው እናንተ መሐል መተኛት ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀጥታ ወደ እናንተ ትወጣ ነበር። ምንም ሳትናገር የድሮ አልጋዋን ይዛ የምትቆመው ለምን እንደሆነ አስበውት ያውቃሉ? እኔ እንደሚመስለኝ ገና ባዶ መሆኑን እያረጋገጠች ነው።

ለእኛ ለአዋቂዎች አልጋ ዕቃ ነው፤ ሲጠብ ይቀየራል፣ ሲያረጅ ይሸጣል። የሁለት ዓመት ልጅ ግን ራሷን የምታውቀው በዙሪያዋ ባሉ ነገሮች ነው። የእኔ ኩባያ፣ የእኔ ጫማ፣ የእኔ አልጋ፣ የእኔ እማዬ። በዚህ ዕድሜ «የእኔ» ማለት የሚበዛው ልጁ ስስታም ስለሆነ አይደለም፤ ራሱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ ስለጀመረ ነው። ከእነዚህ አንዱን ወስዶ ለሌላ መስጠት፣ በተለይም ምክንያቱ ሳይነገር፣ «የቀሩትስ?» የሚል ጥያቄ ያስነሳል። ኩባያዬስ? እማዬስ?

እርስዎ ለዚህ ጥያቄ የሰጧት መልስ «አንቺ ትልቅ ልጅ ነሽ» የሚል ነው። በቅንነት እንዳሉት አልጠራጠርም፤ ብዙዎቻችን እንላለን። ነገር ግን ልጅዎ ዙሪያዋን ስትመለከት ከቤታችሁ ትልቁ ሰው አባቷ ነው፤ እርሱም የሚተኛው ከእርስዎ ጎን ነው። በልጅቷ ዓይን ስናየው ትልቅ መሆን ያስገኘላት ነገር የለም። ከእናቷ መኝታ ቤት ወጣች፣ አልጋዋን አጣች፣ በሩም ተቆለፈባት። እንዲህ ከሆነ መልሳ ትንሽ መሆን ብትመኝ ማን ይፈርድባታል? ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ጡጦ ይሰጠኝ ብትል፣ እንደ ሕፃን ብትኮላተፍ፣ ትታው የነበረውን ልብስ ማርጠብ ብትጀምር እንዳይደነግጡ ከወዲሁ ልንገርዎ።

ጁዲ ደን የተባለች እንግሊዛዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባዋ ከካሮል ኬንድሪክ ጋር በካምብሪጅ ከተማ 40 ቤተሰቦችን ሁለተኛው ልጅ ከመወለዱ በፊት ጀምራ ተከታትላ ነበር፤ ውጤቱን በ1982 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አሳትመዋል። የሕፃኑን መወለድ ተከትሎ አብዛኞቹ የመጀመሪያ ልጆች አንድ ዓይነት መታወክ አሳይተዋል፦ እናት ላይ መለጠፍ፣ ማልቀስ፣ እምቢተኝነት፣ የእንቅልፍ መረበሽ። ስለዚህ የእርስዎ ልጅ የተለየች አይደለችም። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ሌላው ግኝታቸው ነው። ስለ ሕፃኑ ከትልቁ ልጅ ጋር በግልጽ ባወሩ እናቶች ቤት፣ «ለምን የሚያለቅስ ይመስልሃል? ርቦት ይሆን?» እያሉ ሕፃኑን ስሜት እንዳለው ሰው ባስተዋወቁ እናቶች ቤት፣ ልጆቹ በኋላ እርስ በርሳቸው ይበልጥ ተዋደዱ። ማውራት ገንዘብ አይጠይቅም። ለሁለት ዓመት ልጅ ምን ይወራላታል ብለን ስለምናስብ ብቻ እንዘለዋለን።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። በ1950ዎቹ አጋማሽ (ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሜሪ አይንስዎርዝ የተባለች ተመራማሪ በኡጋንዳ፣ በካምፓላ አካባቢ መንደሮች እናቶችንና ሕፃናትን ቤት ለቤት እየሄደች ተመልክታ ነበር። በእናታቸው የተማመኑ ልጆች እርሷን መነሻና መመለሻ አድርገው ራቅ ብለው ሲጫወቱ፣ ዙሪያቸውን ሲመረምሩ አየች። ሲፈራ የሚታቀፍ ልጅ ነው ኋላ ላይ ደፍሮ የሚለየው። ስለዚህ ባለቤትዎ በሩን መክፈታቸው ትክክል ነው። ልጅቷን ወደ እናንተ አልጋ ማምጣታቸው ላይ ግን አንድ ነገር ጎድሏል፤ ሌሊቱን በቀላሉ ያሳልፍላቸዋል፣ የልጅቷን ጥያቄ ግን አይመልስላትም። «ጨከንሽባት» ማለታቸውም እርስዎን ብቻዎን አስቀርቷል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን በጥንቃቄ ነው የምለው። ደብዳቤዎ ስለ አልጋ ነው፤ የራስዎን ልጅነት ባነሱበት ቦታም ያስታወሱት አልጋ ነው። ስንት ዓመትዎ እንደነበር፣ ምን ላይ እንደተኙ፣ ለምን እንደተላኩ ነግረውኛል። ከዚያ «ምንም አልሆንኩም» ብለው ዘጉት። ታናሽ ሲወለድ ትልቁን ወደ አያት መላክ በአገራችን የኖረ ነገር ነው፤ ብዙዎች በአያት እቅፍ ተቀማጥለው አድገዋል፤ በአያትዎ ላይም ሆነ በእናትዎ ላይ ክፉ ቃል የለኝም። እናትዎ አራስ ነበሩ፤ ምናልባት ሌላ አማራጭም አልነበራቸውም። ነገር ግን ያቺ የአራት ዓመት ልጅ የመጀመሪያዋን ሌሊት እዚያ መደብ ላይ እንዴት እንዳሳለፈች የጠየቃት ሰው ነበር? አላለቀሰችም ይሆናል። ዝም ብላ ይሆናል፤ ዝም ያለ ልጅ ደግሞ «ለመደ» ይባላል። የልጅዎ ንዝንዝ ከሚገባው በላይ እረፍት የሚነሳዎት፣ እርስዎ ያን ጊዜ ያልተፈቀደልዎትን እርሷ ስለምታደርገው ይሆን? ላያስማማዎት ይችላል፤ እኔም ከአንድ ደብዳቤ ተነስቼ እርግጠኛ ልሆን አልችልም። «ምንም አልሆንኩም» የሚለውን ግን ለልጅዎ መመዘኛ ባያደርጉት እመርጣለሁ። ምንም ላለመሆን ምን ያህል እንደታገሉ ልጅዎ አታውቅም።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ ቤታችሁን ሳላይ ብዙ መናገር አልወድም። በቅድሚያ በር መቆለፉ ይቁም። ልጅቷን ከማስደንገጡም በላይ፣ ሌሊት እሳት ወይም ሌላ አደጋ ቢነሳ ልጅ በተቆለፈ በር ማዶ መሆን የለባትም። ከአልጋዋ ራሷ መውረድ የቻለች ልጅ ቤት ውስጥ በጨለማ ትዘዋወራለችና መስኮትና በረንዳ መዘጋታቸውን፣ ቡታጋዙን፣ ውሃ ያጠራቀማችሁባቸውን ባልዲዎች ማታ ማታ ይመልከቱ።

ቁመቷ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ካልደረሰና በአጥሩ ላይ ለመውጣት ካልሞከረች፣ አልጋዋን ለጊዜው ቢመልሱላት ቅር አይለኝም። ሦስት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ በሕፃን አልጋ የሚተኙ ልጆች ብዙ ናቸው። ይህ መሸነፍ አይደለም። መውጣት ከጀመረች ግን ወድቃ ትጎዳለችና አይመልሷት፤ ፍራሿን ወለል ላይ አንጥፈው ለተወሰነ ጊዜ እናንተ ክፍል ብታስተኟት ይሻላል። ባዶውን አልጋ ደግሞ ከዓይኗ አርቁት። ለሚወለደው ሕፃን ለመጀመሪያዎቹ ወራት አነስ ያለ ሌላ ማስተኛ ይበቃዋል፤ ጠንካራና ጠፍጣፋ ፍራሽ ያለው፣ ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ የሌለበት፣ ከእርስዎ አጠገብ የሆነ። ሁልጊዜም በጀርባው ይተኛ። አማትዎ ልጅ ከእናቱ ጎን ይተኛ ማለታቸው ለትልቋ ልጅ አያሳስበኝም፤ አራስ ሕፃንን ከትልቅ ልጅ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ማስተኛት ግን አደገኛ ስለሆነ በዚህ ላይ አይስማሙ።

ሌሊት ስትነሳ ባለቤትዎ ይነሱ። አቅፈው ወደ ራሷ አልጋ ይመልሷት፤ እንቅልፍ እስኪወስዳት አጠገቧ ይቀመጡ፤ ብዙ ወሬና ብርሃን አያስፈልግም። የእርስዎ ጠረን ያለበት ነጠላ አቅፋ ብትተኛ ሊረዳት ይችላል። ሁለት ሳምንት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በዚህ ዕድሜ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት ያህል መተኛት ስለሚያስፈልጋት፣ ከሰዓት በኋላ እጅግ አርፍዳ የምትተኛ ከሆነ ይህንንም ያስተካክሉ። የምታንኮራፋ ወይም ተኝታ ትንፋሽ የሚቆራረጥባት ከሆነ ግን የሕፃናት ሐኪም ይያት።

ከሁሉም በላይ ጥያቄዋን ይመልሱላት። ማታ አይደለም፤ ቀን፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ። ሕፃን ሊመጣ መሆኑን፣ አልጋው ትንሽ ስለሆነ በኋላ ሕፃኑ እንደሚተኛበት፣ እርሷ ያን አልጋ ስትለምደው ምን ትመስል እንደነበር ይንገሯት። ፎቶግራፍ ካለ ያሳዩዋት። «ለማን?» ስትል ትክክለኛው መልስ ይነገራት። ምናልባት ታለቅስ ይሆናል። ታልቅስ። ምናልባትም «አልሰጥም» ትል ይሆናል፤ ያኔ «ገና ነው፤ እስክንነጋገር ድረስ ያንቺ ነው» ቢሏት ውሸት አይሆንም፤ ሕፃኑ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል።

እርስዎና ባለቤትዎ ከወሊድ በፊት አንድ የቤተሰብ አማካሪ ፊት ለፊት ብታናግሩ በጣም ደስ ይለኛል። በደብዳቤ ልደርስበት የማልችለው ብዙ ነገር አለ፤ በተለይ ሌሊት ማን ይነሳል የሚለውና እርስዎ ስለ አያትዎ ቤት ያላነሱት ነገር። ስትሄዱ ሁለታችሁም ሂዱ። ልጅቷን ለመጀመሪያው ቀን ይዛችኋት መሄድ አያስፈልግም።